የእማዬ የሪፈር ወረቀት

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ምንም አልሆንኩም። እማዬ ግን ቀኝ ክንዷ በጀሶ ታስሮ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በግራ እጇ ሾርባ ትጠጣለች። ልርዳሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ትሸሻለች።

ለገና ኮሌታህን አንቄ ከግድግዳ ስላጋጨሁህ ይቅርታ አልጠይቅም። ያልኩህ ልክ ነበር። ሐኪሟ አንተ ነህ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የእጇ አንጓ ሲሰበር የአጥንት ማጠንከሪያ ክኒን ሰጠሃት። አምና የላሞቹን በረት ስትከፍት የጀርባ አጥንቷ ተሰነጠቀ፤ ያንኑ ክኒን ደገምክላት። አንድም ቀን አላቋረጠችም፤ እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ። መድኃኒት እየወሰደ አጥንቱ የሚሰበር ሰው ወደ ስፔሻሊስት ይላካል ስልህ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው፣ አንተ ድልድይህን ጠብቅ አልከኝ። እሺ። ድልድይ ስመረምር ሠላሳ ዓመቴ ነው። የተጠገነ ምሰሶ እንደገና ከተሰነጠቀ ቀለም ቀብቼ አላልፈውም፤ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እጠራለሁ። አንተ ግን የገዛ ልጇ አቃተው እንዳይሉህ ብለህ ሦስት ዓመት አስቀመጥካት።

እሑድ የመኪናውን ቁልፍ አልሰጥም አለች። በዚህ ጀርባሽ አትነጂም አልኳት። አባታችሁን ከቀበርኩ ጀምሮ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ አንተ ደግሞ ማን ሆነህ ነው አለችኝ። ኩባያዬን ወለሉ ላይ ፈጠፈጥኩት። እስቲ የቀሩትንም ስበራቸው አለችና ቁልፉን ጨብጣ ከኋላዋ ደበቀችው። ክንዷን ያዝኩ። ከዚያ የሰማሁት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲቀነጠስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። አልጮኸችም። ቁልፉ ወደቀ።

አንተ ጋ ስንደርስ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የውጭ ደረጃ አዳልጦኝ ነው አለችህ። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ከገና ወዲህ ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ ደረጃው ደረቅ ነው።

አንተ ሪፈር ካልጻፍክላት የሜልበርኑ የአጥንት ስፔሻሊስት አይቀበላትም። ዛሬውኑ ጻፍ። ወረቀቱ እንዴት ተሰበረ የሚል መስመር አለው። ወደቀች አትበል፤ ሐኪሙን ታሳስተዋለህ። የበር እጀታ ለማዞር የሚበቃ ጉልበት ሰበረው በል። ጉልበት መለካት ሥራዬ ነው፤ ይህን አልተሳሳትኩም።

ሐሙስ መጥተህ ውሰዳት። ከሜልበርን ስትመለሱ አንተ ቤት ክፍል አዘጋጅላት፤ ወደዚህ አታምጣት። ልብሷን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ቁልፉም እዚያው ነው።

እግዚአብሔር አጥንቷን ያጽናላት፤ የእኔንም እጅ ይያዝልኝ።

ታላቅ ወንድምህ