ማይም ያለችኝ ልጅ ወለደች

ጥሩወርቄ፣ የቤቴ እመቤት፣

በሞት ከተለየሽኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ይህን የምትጽፈው ያቭነ ከተማ ያለችው ልጃችን አልማዝ ናት፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ላሳምረው ትላለች፤ እንዳልኩት ጻፊ ብያታለሁ።

ቤቱ ደኅና ነው። ከተማችን ቂርያት መላኪም እንዳለች ናት። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ከእኔ ይበልጥ ጠንክሯል። እኔ ግን ቅድመ አያት ሆኛለሁ!

የአልማዝ ልጅ ሲጋል ከምትኖርበት ከገዴራ ደወለችልኝ። "ሳባ፣ ማይም! ማይም!" ብላ ጮኸች። ሳባ የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው። ማይም በዕብራይስጥ ውሃ ማለት መሆኑ መች ጠፋኝ? በጩኸት ሲመጣብኝ ግን በእኛው ቋንቋ ሰማሁት። ፊደል ባልቆጥር፣ ያሳደግኋት አያቷን ማይም ብላ ትሰድበኝ? "ማይምስ አባትሽ!" ብዬ ዘጋሁባት። ወዲያው አልማዝ ደውላ "አባዬ፣ የእንሽርት ውሃዋ ፈሶ ነው እኮ!" አለችኝ።

ለሲጋል መልሼ ደወልኩ። ልጅቱ እቴ ትስቃለች። ወሯ ገብቷል፤ "ቤሰደር ሳባ፣ ደኅና ነኝ፣ ምጡ ገና ነው፣ ሲመጣ ሆስፒታል እሄዳለሁ" አለችኝ። ያኔ የበኩር ልጃችን ትዝ አለኝ። ጎንደር ሳለን ውሃሽ ፈሶ፣ ምጡ እምቢ ሲል፣ የሚነግረን አጥተን ስንጠብቅ ትኩሳቱ ቀደመን። አንቺ በመከራ ተረፍሽ፤ እሱን ስም ሳናወጣለት ቀበርነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሷ ነገርኳት። ሳቋ ቆመ። "ያላ፣ ቶሎ ተነሺ!" አልኳት፤ ተነሣች። እኔና አልማዝም ሆስፒታል ደረስንላት።

እዚያ ውሃው ንጹሕ መሆኑን አዩ፣ የልጁን የልብ ትርታ አዳመጡ። ሐኪሟ ምጡ በራሱ ሊመጣ ይችላል፣ በቆየ ቁጥር ግን ለእናትም ለልጅም ያሰጋል ብላ ምርጫውን ለሲጋል ሰጠቻት። "አልጠብቅም" አለች። ያንቺ ዘር! ምጥ የሚያመጣውን መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፤ ምጡም መጣ፣ አምጣ ወለደች። ወንድ! ትኩሳት የለ፣ ምን የለ። እሷም ደኅና፣ እሱም ጡቷን ይዞ አልለቅም አለ።

እልል የምትዪው አንቺ ነበርሽ። ስለሌለሽ እኔ፣ ሽማግሌው፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አቀለጥኩት! አልማዝ "አባዬ፣ ሰው ይሰማል" ትለኛለች። ይስማ! የልጅ ልጄ በሰላም ተገላግላለች!

ጥሩዬ፣ እስከ ዛሬ አልቅሼልሻለሁ። ከእንግዲህ በየዓመቱ፣ ይህ ልጅ በተወለደበት ቀን፣ አንቺንም ያንን ልጃችንንም እያሰብኩ በአንቺ ፈንታ እልል እላለሁ። ድምፄ እስኪዘጋ።