ወደ መስኮቱ ያነሳሁት ራጅ

ለእህቴ ለሜቲ፣ ጋምቤላ

እንደምን ከረምሽ እህት ዓለም? ሙቀቱስ እንዴት ያደርግሻል? የባልሽ የበድሉ ወገብ ተሻለው? ልጅሽ ጦቢያስ በቁመት አልደረሰችብሽም? እኔ ወንድምሽ ዳባ ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ በምማርበት የማታ ትምህርት ቤት የእኔን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ የለም፣ ያላመኑት መምህሩ ብቻ ናቸው። ስልክ ላይ ቀልዴ ይቀድመኛል። ወረቀት ላይ ግን ቀስ ስለምል እውነቱ ይደርስብኛል።

«የእማዬ አጥንት ንጹህ ነው፣ አትምጪ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዶክተር አርያም እንደዚያ አላለችም። የጡቷ ካንሰር ወደ ጀርባዋ ሄዶ እንደሆነ ለማየት ራጅ ካስነሳቻት በኋላ፣ «ራጅ የሚያሳየው አጥንቱ ብዙ ከተጎዳ ነው። መላ አጥንቷን የሚያይ ሌላ ምርመራ አለ፤ ኤምአርአይ ደግሞ የአጥንቱን ውስጥ ቀድሞ ያያል። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» ብላኝ ነበር። እኔ ራጁን በብብቴ ይዤ ቤት ገባሁ። ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። ጋሽ ፍሰሃ ወደ መስኮቱ አንስተው ዓይናቸውን ጠበብ ሲያደርጉ፣ «ማንበብ የሚችል ሰው እያለ!» ብዬ ነጠቅኳቸው። ትንሽ አየት አደረግኩና፣ በቃ፣ «አጥንቷ የባቡር ሐዲድ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እማዬም አመነችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃ የሞላ ጀሪካን ስታነሳ ጀርባዋ ቋ አለ። እዚያው ተቀመጠች።

ከዚያ በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተው መላ አጥንቷን አነሱት፤ ጉልበቷም ጀርባዋም ምስሉ ላይ ደምቀው ታዩ። የጉልበቷ የድሮ ቁርጥማት ነው አሉ። የጀርባዋን ኤምአርአዩ ለየው፤ ካንሰሩ ነው፣ አንዱ አጥንትም ተሰብሯል። የጨረር ሕክምና ልትጀምር ነው፤ ሥቃዩን ያቀልላታል እንጂ ጠርጎ አያወጣውም። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካዛንቺስ ፓርኪንግ ላይ መኪና ሳስቆም የሥራ ጓደኞቼ «ዶክተር ዳባ» ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ትናንት እማዬ አዲሱን የኤምአርአይ ፊልም አቀበለችኝና «በል አንብብልኝ» አለች። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። «እማዬ፣ ይሄን ማንበብ አልችልም፤ ያን ጊዜም አልቻልኩም» አልኳትና ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ ነገርኳት። «ማታ ማታ ትምህርት ቤት የምትሮጠው ይህን ለማለት ነው?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁም አመማት። ቆይታ «ሜቲን ጥራልኝ» አለች።

አትምጪ ያልኩሽ እኔ፣ ነይ የምልሽም እኔ ነኝ። ፊትሽን እንዴት እንደማይ አላውቅም፤ ግን መናኸሪያው በር ላይ ታገኚኛለሽ።

በድሉን በርታ በይልኝ፤ ጦቢያን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለአማትሽ ለእማማ ጀማነሽ እጅ እነሳለሁ። ጋሽ ፍሰሃ ሰላም ብለውሻል፤ ስለነጠቅኳቸው ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። እማዬ ያለችውን ከላይ ጽፌልሻለሁ።

ወንድምሽ ዳባ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.