ወደ ጭቃው ያዞርኩት ገጽ

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ አምኃ፣

ደብዳቤው ሳይታሸግ ነው የሚሰጠው ብለውኛል፤ ስለዚህ ብዙውን ስለ ቤቱ እጽፋለሁ። ስለ ቤት መጻፍ ማንንም አያስቆጣም። በሕይወት መኖርህን አላውቅም። ካለህ ግን መጀመሪያ ልታውቀው የምትፈልገው እኔ መኖሬንና የት እንዳለሁ ይመስለኛል። አለሁ፤ ያለሁትም እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው። ቤቱን ብታየው ግን የሰው ቤት ነው ብለህ ከደጃፉ ትመለሳለህ።

እናትህ ፊት “እርስዎ” እልህና በራችንን ስንዘጋ “አንተ” እልህ እንደነበር ታስታውሳለህ። እዚህ ወረቀት ላይም በሩን እንደተዘጋ ቆጥሬዋለሁ።

አንተን በወሰዱህ ሳምንት፣ በዚያ የካቲት፣ ጣሪያው ሄደ። እንዴት እንደሄደ አንተ ታውቃለህ፤ ይህን አንብቦ የሚያሳልፈውም ሰው ያውቃል። የቀሩት ሦስት ግድግዳና የጓሮው አጥር ነበሩ። ኡራኤል አክስቴ ዘንድ ጥቂት ወር ቆየሁና ክረምቱ ሳይገባ ተመለስኩ። አክስቴ “ምን ልታደርጊ? ቤት የለሽ!” ብላ ተቆጣችኝ። እኔም ግድግዳ ያለው ሰው ቤት የለውም አይባልም አልኳት። ያን ጊዜ የምለውን አምኜው አልነበረም፤ ግን ካልኩት በኋላ ማድረግ ነበረብኝ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ልብስ አጥባለሁ። ከኡራኤል ወዲያ ጣልያኖቹ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞቻቸው አዳዲስ ቤቶች ሠርተዋል፤ ሰዉ ሰፈሩን ካዛንቺስ ማለት ጀምሯል። የማጥብላት ሲኞራ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሳሙና አትሰስትም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ከቤቶቹ ጀርባ ያለው የቆሻሻ ጉድጓድ ነው። የዘይት ቆርቆሮ፣ የሳልሳ ጣሳ፣ ፓስታ የመጣበት ሳጥን፣ የወይን ጠርሙስ፣ የዱቄት ጆንያ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ ተጠቅመው ይጥሉታል። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ።

ታውቀኛለህ ስል ጠባችንን ማለቴ ነው። የተበሳውን ሳፋ ጎመን ልዘራበት ብዬ ደጃፍ ላይ ሳስቀምጥ፣ “ይሄ የጸሐፊ ቤት ነው ወይስ የውራጅ ነጋዴ?” ብለህ አንስተህ አጥር ማዶ ወረወርከው። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ዋልን። በሦስተኛው ቀን ሰዎቹ መጡ። ለአጭር ጥያቄ ነው፣ ለምሳ ይመለሳል አሉ፤ እኔም አመንኳቸው። ስለዚህ ኩርፊያዬን አልተውኩም። ከበሩ ላይ ቆም ብለህ ጠበቅኸኝ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሃን አጥብ ነበር። ዞር ስል ወጥተሃል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ካልነገርኩት ግን ለማን እነግረዋለሁ?

ወደ ቤቱ ልመለስ። የዘይቱን ቆርቆሮ ቀድጄ፣ ድንጋይ ላይ ደብድቤ ዘረጋሁት፤ የላይኛው የታችኛውን ጫፍ እንዲያለብስ እየደራረብኩ በጣሪያው እንጨት ላይ መታሁት። ምስማሩን ከሳጥኖቹ ነቅዬ በመዶሻ አቃናሁት። ዝናብ ሲመታው ድምፁ ያደነቁራል እንጂ አያፈስም። ከሳጥኖቹ መደርደሪያ ሠራሁ፤ አንደኛው ሳጥን በር ተበጅቶለት የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል፤ የአንተ ሁለት እጀ ጠባብ እዚያ ውስጥ ናቸው። የዱቄቱን ጆንያ ተርትሬ በእንዶድ ቀቅዬ መጋረጃ አደረግሁት። ማኅተሙ አልለቅ ቢለኝ ያንን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ በቀይ ክር ጥለት ጠለፍኩበት። እናትህ መጥታ “ከየት የተገዛ ነው?” ብላ ዳሰሰችው። አልነገርኳትም።

ጓሮው የበለጠ ያምራል። ጠርሙሶቹን አፋቸውን ወደ ታች ደፍቼ ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀበርኳቸው፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስታርፍባቸው መሬቱ አረንጓዴ ይሆናል። ሳልሳ ጣሳዎቹ ላይ ጤና አዳም ተክዬ በአጥሩ ላይ ሰቀልኳቸው። ጣሳውን ከታች በምስማር ካልበሱት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ይህን የተማርኩት ስድስት ጤና አዳም ገድዬ ነው። የካሚዮን ጎማ ውስጥ ደግሞ ጽጌረዳ አለ። ጎማውን ከካዛንቺስ እስከዚህ እያንከባለልኩ ሳመጣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ሳቀብኝ። እንኳንም አላየኸኝ።

ሲኞራዋ አንድ ቀን፣ “ጀማነሽ፣ ጣሳ ለምን?” አለችኝ በሰባራ አማርኛዋ። “ፊዮሪ” አልኳት፤ በእነሱ ቋንቋ አበባ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጣሳውን አጥባ ነው የምትጥለው።

አሁን ወደ ግድግዳው መጣሁ፤ የጻፍኩልህም በእሱ ምክንያት ነው።

ለፋሲካ ግድግዳውን ወረቀት ላለብሰው አሰብኩ። ባለ ሱቁ አቶ ጅብሪል ስኳር የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ አንድ እቅፍ ሰጠኝ። ሙጫውን ራሴ አበሰልኩ። ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፣ ጨውና ትንሽ እሬት ይገባበታል፤ እሬቱ ለበረሮ ነው። ሲደርቅ በጥፍርም አይነሳም። ጋዜጦቹ በአንድ ፊታቸው በፊደላችን የተጻፉ፣ በሌላው ሥዕል ያለባቸው ነበሩ። እኔ ሥዕሉን ወደ ቤት፣ ጽሑፉን ወደ ጭቃው እያዞርኩ ለጠፍኩ። አንድ መስመር አላነበብኩም። አባቴ ዳዊት ያስደገመኝ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ሳይቀር የማነብ ሴት ይህን ለምን እንዳላነበብኩ አትጠይቀኝ፤ ደብዳቤው ሳይታሸግ ነው የሚሰጠው።

በግንቦት ለተገብርኤል ቤቱን ልታይ መጣች። ታስታውሳታለህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው፣ ወንድሟ አባዲ ከአንተ ጋር በአንድ ቀን የተወሰደባት። መጋረጃውን አደነቀች፣ መደርደሪያውን አደነቀች፣ ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቆመች። ባሕር ዳር የተቀመጠች ባለ ጃንጥላ ሴት ሥዕል ነበር።

“ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ” አለች።

“ከየት ታውቂያታለሽ? ሥዕል እኮ ናት።”

“ጃንጥላዋን አልረሳውም። የአባዲን ስም ባነበቡልኝ ቀን ያየኋት ናት።”

ለተገብርኤል ፊደል አልቆጠረችም። በመጋቢት አንድ መንገደኛ ቂርቆስ ደጅ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ባሕር ማዶ ያሉትን እስረኞች ስም ለተሰበሰበው ሰው ሲያነብ ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። እሱ ስሙን ሲያነብ እሷ የወረቀቱን ጀርባ ነበር የምታየው።

እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ “አምኃንስ አልጠራም?” አልኳት።

“የአባዲን ከጠራ በኋላ ምን ሰማሁና? አለቀስኩ፣ ወደቅሁ፣ ሰዎች ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። ቢጠራም አልሰማሁም፣ እቴ።”

“እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩን እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንቺ ፊደል ታውቂ የለም እንዴ? አንብበሽዋል ብዬ ነዋ! ዝም ስትይ ስሙን አጥታው ነው፣ ቁስሏን አልነካካም ብዬ ተውኩት።”

ሌላ ቅጂ ፍለጋ ያልሄድኩበት የለም። አቶ ጅብሪል የቀረውን ጠቅልሎ ጨርሶታል። ጋዜጣውን የሚያወጡት ዘንድ ሄድኩ፤ ያለፈውን አናስቀምጥም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ። እስካልነካሁት ድረስ ስምህ እዚያ ሊኖር ይችላል። ከነካሁት በኋላ ግን ወይ ባል ያላት ወይ ባል የሌላት፣ ከሁለቱ አንዷን መሆኔ ነው። ፈራሁ፣ አምኃ። ጣሪያው ሲሄድ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ውሃ አሙቄ፣ ጨርቅ ነክሬ፣ ጃንጥላ ያላትን ሴት ማራስ ጀመርኩ። በስስ ቢላዋ ከጫፉ እያነሳሁ እስከ ቀትር ሠራሁ። ላይኛው በደህና ተነሳ። “በኢጣልያ አገር በጤና የሚገኙ” ይላል፤ ቀጥሎ የቦታው ስም አለ፤ ቀጥሎ ዘመድ ደብዳቤ ቢሰጥ እንደሚደርሳቸው ተጽፏል። ከዚያ ስሞቹ ናቸው። ፀሃዬ የሚባል አለ፣ ከነአባቱ ስም። አባዲ አለ፣ ከነአባቱ ስም። ከእሱ በታች “አምኃ” ይላል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ቀዳዳ ነው። እርጥበት የሚበዛበት ጥግ ስለሆነ ሙጫውን አወፍሬ ቀብቼው ነበር፤ የአባት ስም ያለበትን ጭቃው ይዞ አስቀረው። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጭረት እንጂ ፊደል የሚባል አይታይም። በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፣ በኩራዝ አየሁት፣ ለተገብርኤልን እንኳ ጠርቼ አሳየኋት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ጭቃውን መረግሁት፤ ሌላ የማደርገው አልነበረም።

ደብዳቤ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ያለው የእኛው ሰው ነው፤ በትሕትና ነው ያናገረኝ።

“ሙሉ ስሙን ጽፈው ያምጡ፣ እሜቴ።”

“እዚያ ከሌለስ?”

“ከሌለማ አይሰጥም።”

“ተመልሶ ይመጣልኛል?”

“አይመጣም። በቃ፣ እዚያው ይቀራል።”

ሌት ተቀን ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አምኃ ሊካሳ ብዬ ብጽፍና አንተ ባትኖር ደብዳቤው አንድ ሳጥን ውስጥ ይጣላል፤ እኔ ደግሞ መልሱ ዘገየ እያልኩ አረጃለሁ። ስለዚህ ፖስታው ላይ የጻፍኩት አምኃ ብቻ ነው። ሰውዬው የአባት ስም ቢለኝ የተቀደደውን ገጽ አሳየዋለሁ። ያ ስም የማንም ይሁን የማን፣ ይህን የሚከፍት አንድ አምኃ አለ፤ እሱም መልስ ይሰጠኛል።

ያ ሰው አንተ ከሆንክ ናፍቀኸኛል። ሳፋውን ከአጥሩ ማዶ አምጥቼ ጎመን ዘርቼበታለሁ፤ በዚህስ አልጸጸትም። የምጸጸተው ፊቴን ባለመመለሴ ነው። አንድ መስመር ጻፍልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

ሌላው አምኃ ከሆኑ ደግሞ፣ ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማያውቁትን ሰው ጓዳ አስገባሁዎት፣ የባልና የሚስት ጠብ አስነበብኩዎት። እኔ አይደለሁም ብለው ይጻፉልኝ፤ ታዝናለች ብለው አይተዉት። አምኃ ሊካሳ ረዘም ያለ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። በመንገድም፣ በመርከብም፣ እዚያም አይተውት እንደሆነ ያዩትን እንዳለ ይንገሩኝ፤ ምንም ቢሆን ይንገሩኝ።

የእርስዎንም የአባት ስምና ሰፈርዎን አይርሱ። ሚስት ይኖርዎት ይሆናል። ያንን ጋዜጣ ሳታነብ የቀረች ሴት እኔ ብቻ አልሆንም፤ ስኳር ተጠቅልሎበት እጇ ገብቶ ጥላው ይሆናል። ሰፈሯን ብቻ ይጻፉልኝ። የትም ትሁን የት በእግሬ ሄጄ፣ በሯን አንኳኩቼ፣ ባልሽ አለ እላታለሁ።

ጀማነሽ ወዳጆ