ሰሌዳው ባዶ ነበር

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? እንቅልፉስ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በዝናብ ራስሽን ሳትሸፍኚ ትወጫለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጉልበቴ አውርቼ ዘጋሁ። አፌ እምቢ ያለውን እጄ ይሞክረው ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ። ይህን ወረቀት የጧቱ ባቡር ነጂ በእጅሽ ይሰጥሻል፤ ፖስታ ቤቱን አላመንኩትም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ስብሰባው ዓርብ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ሐዲድ ላይ ቆመሽ እንዳታነቢው።

«እማዬ፣ ደስ ይበልሽ» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ባለማብሪያውን፣ አባትሽ ሐዲድ ላይ ሳለ ኃይሉን የለቀቀውን፣ አገኘሁት አልሽ። አንቺ የሐዲድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነሽ በተቀጠርሽበት ጣቢያ እሱ በር ጠባቂ ሆኖ። ክስ ጽፈሽ አስገባሽ፤ ዓርብ ኃላፊዎቹ ፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ፤ ከሥራውም፣ ከሚያድርባት ክፍልም ያስወጡታል። በሩ ላይ «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ» ብለሽ ስትጮኺበት፣ መዝገቡን እንድትፈርሚ እርሳሱን አቀበለሽና «አታላምጪው» አለሽ። «ሽማግሌው ጃጅቷል ወይስ ያሾፍብኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አላሾፈብሽም ልጄ።

አሁን የምጽፍልሽን ግማሹን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ለቀባሪው አረዱት እንዳትይኝ። ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ ጫፉ ላይ አልደርስም። ማንበብ የተማርኩት ከአንቺ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ፊደል ስትቆጥሪ እኔ ከኋላሽ ሽንኩርት እየላጥኩ አብሬሽ እል ነበር፤ ዓይኔ ሲያለቅስ በሽንኩርቱ አሳበብኩ። መጀመሪያ ጨርሼ ያነበብኩት መጽሐፍ አባትሽ ትቶት የሄደው የሐዲድ ሠራተኞች ደንብ ነው። ሰው በተረት ይጀምራል፣ እኔ አባትሽ እንዴት እንደሞተ በሚናገረው ጀመርኩ።

ባቡሩ የሚሄደው በሁለት ሐዲድ ላይ ነው፤ የሚነዳው ኃይል ግን ከጎን ካለው ከሦስተኛው ነው የሚመጣው። ከባቡሩ ሆድ ሥር የወጣ የብረት ጫማ ያንን ሦስተኛ ሐዲድ እየላሰ ይሄዳል። ኃይሉ በጫማው ይገባል፣ ሞተሩን ያዞራል፣ በብረት መንኮራኩሩ ወርዶ በሁለቱ ሐዲድ ወደ መጣበት ይመለሳል። እኔ እንደገባኝ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ወደ ቤቱ መመለስ ብቻ ነው፤ መንገዱ ብረት ይሁን ሰው ግድ የለውም። መሬት ላይ የቆመ ሰው ከነካው፣ ያውም በረጠበ እግር፣ መንገድ ሆነ ማለት ነው። እባብ እንኳ ከመንደፉ በፊት ድምፅ ያሰማል። ሦስተኛው ሐዲድ አይግልም፣ አይበራም፣ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ በዓይን አይለይም።

እንግዲህ በአባትሽ ጊዜ መለያው ሰሌዳው ነበር። ኃይሉ የሚበራበትና የሚጠፋበት ትንሽ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሚስማር የተደረደረበት የእንጨት ሰሌዳ ነበር፤ እኔ ትከሻ ላይ የሚደርስ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ቆዳ ማንጠልጠያ ያላት የናስ ቁጥር አለችው። ወደ ሐዲዱ ሲወርድ ይሰቅላታል፣ ሲወጣ ራሱ ያነሳታል። የሌላውን ቁጥር ማንም አይነካም፤ «የእናትህን መርዶ ቢያመጡልህ እንኳ መጀመሪያ ቁጥርህን አንሳ፣ የሰው ግን አትንካ» ይሉ ነበር። ባለማብሪያው ሰሌዳውን ያያል፤ አንዲት ቁጥር ካለች አያበራም። ባዶ ከሆነ ደወል ሦስት ጊዜ መትቶ ማብሪያውን ያነሳል። የአባትሽ ቁጥር አሥራ አራት ነበረች። እኔ ያኔ አሥራ አራትን ከአርባ አልለይም ነበር፤ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጭረት ነበሩ ለእኔ።

ምሳ ይዤለት ስመጣ አንቺ ጀርባዬ ላይ ነሽ። ዓመት አልሞላሽም። ጥርስ ልታወጪ ያገኘሽውን ሁሉ ጨብጠሽ አፍሽ ውስጥ ትከቺ ነበር፤ የባለማብሪያው እርሳስ ጫፉ ሁሉ ያንቺ ድድ ያረፈበት ነበር። ገና ከደጅ ሲያየን «ቀማኛዋ መጣች፣ እርሳሴን ደብቁ!» ይላል። አባትሽ ደግሞ «ምን ታድርግ፣ ደሞዝህን አይታ አዝናልህ ልትበላልህ ነው» ብሎ ያስቀው ነበር። ወዳጆች ነበሩ ልጄ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ሠራተኞቹ ወጥተው ቁጥራቸውን አንስተው ወደ ምሳ ሄደዋል፤ አባትሽ ግን የረሳው መፍቻ ነበረና ቁጥሩን እንደሰቀለ ተመለሰ። ከቆመ ፉርጎ በስተጀርባ ስለነበር ከቤቱ አይታይም። ባለማብሪያውን ከጓዳ ስልክ ጠራው፤ ሰው የጫነ ባቡር መሐል መንገድ ላይ ቆሟል፣ ቶሎ አብራ እያሉ ሲጮኹበት እኔ ድረስ ይሰማል። «አንድ ሰው ቀርቶኛል፣ ጠብቁ» ይላቸዋል። እኔ በአንድ እጄ ምሳ ዕቃውን፣ በሌላው ለአባትሽ ያመጣሁትን ደረቅ ጫማ ይዤ፣ ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ በመስኮት አባትሽን እጠብቅ ነበር።

ከዚያ ዘወር አልኩና ቁጥሯን አነሳሁ።

እኔ ነኝ ያነሳኋት። አባትሽ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ረስቶ ቤት ገብቶ ባቡር አስቁሟል፤ አለቃው በሰው ፊት አዋርዶታል። ያን ቀንም የረሳት መሰለኝና አንስቼ አንቺ የታዘልሽበት ጨርቅ ውስጥ ሸጎጥኳት። ሌላ ምክንያት አትፈልጊ፤ ይኸው ነው።

ባለማብሪያው እየሮጠ ወጣ፣ ሰሌዳውን አየ። ባዶ ነው። «ተመስገን፣ ወጣ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ደወሉን ሦስት ጊዜ መታ። እኔ የምሳ ደወል መሰለኝ። ትሰሚያለሽ? ያን ደወል የሚያውቅ ሰው አንዴ «አልወጣም!» ብሎ ቢጮህ አባትሽ ዛሬ ካንቺ ጋር ይከራከር ነበር። እኔ ምሳ ዕቃውን ከፍቼ መቀዝቀዙን ነካሁ። ማብሪያው ተነሳ። መጀመሪያ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ፍርድ ቤት ባለማብሪያው «ሰሌዳው ባዶ ነበር» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ መቆሜን እንኳ አልተናገረም። ቁጥሯን ከአባትሽ ኪስ ፈለጓት፣ ከሐዲዱ ሥር ፈለጓት፣ አጧት። «ጥፋቱን ሊሸፍን ጣላት» ተብሎ አራት ዓመት ተፈረደበት። ቁጥሯ ግን በዚያው ቀን፣ ሴቶቹ ከጀርባዬ ሲያወርዱሽ፣ ከጨርቁ እጥፋት እግሬ ሥር ወድቃ ነበር። ዓይኔ እያየ በእግሬ ሸፈንኳት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ዱቄቱን ሃያ ስድስት ዓመት ስውጥ ኖርኩ።

አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፣ እስር ቤት። ልናገር አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ። «አንቺ ሴት፣ ዝም በይ» አለኝ። «እኔ ሰሌዳውን አየሁ፣ ሐዲዱን ሄጄ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም ይዞ አያድግም፤ ከተናገርሽ እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው የምትሰቅያት።» ቀጥሎ «ቀማኛዋ እንዴት ናት? ጥርሷ ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥርስሽ ስድስት መድረሱን ነገርኩት። ሳቀ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቀ። ከዚያ ለባቡሩ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን ማመልከቻ አነበበልኝ፤ ቁጥር ማንጠልጠል ይቅር፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ማብሪያውን በራሱ ቁልፍ ይቆልፍ፣ መክፈቻው ከራሱ በቀር በማንም እጅ አይግባ የሚል ነው። ሦስት ጊዜ መለሱበት፤ በአራተኛው ተቀበሉት። «የቁልፉ ነገር ሰለቸኝ፣ የፈሪ ሥራ ነው» ብለሽ የጻፍሽልኝ ቁልፍ እሱ ነው። አንቺን ከሞት የሚጠብቅሽን ነገር ከእስር ቤት ሆኖ የሠራው «ገዳይ» እያልሽ ያደግሽው ሰው ነው። ሰዎች እንዲያ ሲሉት እየሰማሽ፣ እኔ እናትሽ አጠገብሽ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ።

እንግዲህ ይህን አድርጊ። ከወረቀቱ ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ አሥራ አራት ቁጥር ናት። ክዳኑ ከሚጠብቅ የቆርቆሮ ሣጥን ወጥታ አታውቅም። ለኃላፊዎቹ አሳያቸው፣ «እናቴ ናት ያነሳችው» በያቸው። አፍረሽ ብትቀሪ እንኳ እኔ ዓርብ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ፣ ራሴ እናገራለሁ። እሱ ሌላ ነገር ሊል ቢሞክር አትስሚው፤ አይሞክርምም፤ ሰሌዳው ባዶ ነበር ከማለት ውጭ አያውቅም። የቆዳ ማንጠልጠያዋ ጫፉ ተላምጧል። አይጥ ይሆናል። አትመርምሪው።

እስከዚያው ድረስ ቁልፍሽን ራስሽ ቆልፊ፣ መክፈቻውን አንገትሽ ላይ እሰሪ። «ጠፍቷል» ቢሉሽ በመለኪያ ሳታረጋግጪ አትንኪ፤ አለቃሽም ቢምል አትመኚው። መሣሪያ ብትረሺ ተይው፣ ይቅር። ብረት ይተካል።

ፈጣሪ እግርሽ ከሚረግጠው ቀድሞ ይርገጥልሽ። እጅሽን ይባርክልሽ፤ ከትንሽነቱ ጀምሮ ክፉ ያላሰበ እጅ ነው። እኔን ይቅር ማለት ቢከብድሽ ጊዜ ውሰጂ፣ እኔም ብዙ ወስጃለሁ። እርሳሱ አንቺ ጋ ቀርቶ ከሆነ ግን ዛሬውኑ መልሺለት።

ቁጥሯን ያነሳችው፣
እናትሽ