የእትዬ አባይነሽ ሬድዮ

ጅዳ ላለሽው ለታላቅ እህቴ ለአዚዛ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ለመሆኑ አፊያሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ነገርስ ተሻለሽ ወይ? በሺርና ልጆቹስ? ሙቀቱ ትንሽ በረድ አለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬ ደህና ነው፤ ደክሞኛል እንጂ። ድምፄን በስልክ ቀድቼ ልልክልሽ ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እንባ ቀደመኝና አጠፋሁት። ጎረቤቴ ሰብሪያ ለዑምራ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ሰደድኩልሽ።

የፋሲካ እናት እትዬ አባይነሽ መስከረም ላይ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ፋሲካን መቼም አትረሻትም፤ ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራው፣ ለአንቺ በጻፍኩ ቁጥር ከግርጌ የራሷን መስመር የምትጨምርብኝ።

ዐምና ጥር ላይ እትዬ አባይነሽ ሬድዮዬ ዝም አለ ብለው ከቦሩ ሜዳ በፋሲካ እጅ ላኩልኝ። ስከፍተው የተበጠሰችው አንዲት ሽቦ ናት፤ የሩብ ሰዓት ሥራ። ያኔውኑ በይጄ ብመልሰው ምን ነበረበት! አመሌን ታውቂዋለሽ፣ ሬድዮ ከፍቼ እንዲሁ መዝጋት አይሆንልኝም። ድምፅ ማጉያው አርጅቷል አልኩ፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ካልገባለት አልኩ። ፋሲካ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ጋ አብረን እንሂድ ስትለኝ፣ እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር የአሮጌ ዕቃ ክምር ሳገላብጥ እውላለሁ። ሴትዮዋ በመጨረሻ ባይሠራም መልሽልኝ፣ መደርደሪያው ኦና ሆነብኝ ብለው ላኩብኝ። ትንሽ ይታገሱኝ፣ እንደ አዲስ አድርጌ አመጣዋለሁ አልኩ። ወላሂ ደስ ላሰኛቸው ብዬ ነበር።

በቀብራቸው ማግስት ይዤው ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ሬድዮ እንደማይከፈት እንኳ ጠፍቶኝ ድምፁን ላሰማት ስል ፋሲካ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ጣቷን በሬድዮው የጣቢያ ቁጥሮች መስታወት ላይ አሳለፈችና እዚህ ጋ የነበረው ሰምስ አለችኝ። እትዬ አባይነሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያዳምጡት ጣቢያ እንዳይጠፋባቸው ቦታው ላይ የጧፍ ሰም ጠብ አድርገው በዳበሳ ነበር የሚያገኙት። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ በአልኮል ፈትጌ አንስቼዋለሁ። መስታወቱ ሲጠራልኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! ሬድዮውን በእናቷ ነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠችው። አሁን ሰላም እንባባላለን፣ ምሳ ግን ከሌሎች ጋር ነው የምትበላው። እህቴ፣ ሬድዮ መውደዴ ጥፋት ነው አልልም፤ ልተወውም አልችልም። ግን ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳልጠይቅ ለራሴ ደስ ያለኝን ስሠራ ኖርኩ። ቤቴ የከረሙትን የሰው ሬድዮዎች የተበላሸውን ብቻ እየጠገንኩ እየመለስኩ ነው። ለአርባቸውም ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ፤ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ባታናግረኝም።

በሺርን ሰላም በይልኝ። ፈሪድንና ትንሿን አዲስ ልጅሽን ሳሚልኝ። እናታችን ከደሴ ዱዓ ታደርግልሻለች፤ ወንድማችን ጀሚልም ናፍቃኛለች በይልኝ ብሏል። ወረቀቱን ዛሬ ምሳ ሰዓት ለፋሲካ ሰጠኋት። እስክሪብቶውን ይዛ ቆየችና መለሰችልኝ። ቦታዋን ከታች ባዶ ትቼዋለሁ።

እህትሽ ኢክራ
ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.