ወደ ላይ የዘነበው ዝናብ

ሌንሴ፣ የኔ ቆንጆ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። መቱ ያው ናት፤ ልብስ አይደርቅባትም፣ ሰዉም ሐሜት አያልቅበትም። ፎቶ ቤታችንን አልዘጋሁትም። ዛሬም ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ሙሽሮቹን ሳይ እንደ ድሮው እቀናለሁ። ብቻ አሁን በቅናት የምቆነጥጠው ክንድ የለም።

ፊልማችንን ጨረስኩት። ያዮ መንገድ ላይ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልለን፣ ጉቶ ላይ አስደግፈን፣ በአንድ የኮባ ቅጠል ተጠልለን የተቀረጽነውን። ሁለት ሴቶች መዋደዳቸው በሚያሳስርበት አገር ፊታችን እንዳይታይ ቅጠሉን ዝቅ አድርጊ እያልሽ ስትጮኺብኝ ዋልሽ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ኋላ አስኬድሽው። ዝናቡ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ እኛም ከተለያየንበት መታጠፊያ የኋሊት እየተራመድን እንገናኛለን። ሰው ተበላሸ ይላል ብዬ ስከራከርሽ ሳቅሽብኝ።

ባሕር ማዶ ልኬው ያለ ስማችን ታየ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበ አሉኝ። እኔ የምፈራው ተመልካች ግን እዚሁ ነበር፤ እናትሽ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ መጥተው ልጄ መጨረሻ የሠራችውን አሳዪኝ አሉኝ። አንድ ቃል ከአፋቸው ቢወጣ ፎቶ ቤቱም ሰፈሩም ለኔ አበቃ። የሆነ የሠርግ ቪዲዮ ከፍቼ ልሸኛቸው እችል ነበር። አንቺን በሰው ሠርግ መሸፈን ግን አንገሸገሸኝ፤ ከፈትኩት።

መጀመሪያ፣ ተበላሸ እንዴ አሉ። ሳቄን ዋጥኩት። ቀጥለው ጎረቤት ወሰደብኝ ያሉትን ቦቲ ጫማቸውን አንቺ እግር ላይ አዩት፤ ይኸው በስንት ጊዜሽ ተያዝሽ። ከዚያ ቅጠሉ ዝቅ አለ፣ ጫማዎቻችን ፊት ለፊት ተጠጋግተው ቆሙ፣ ቆዩ። እትዬ ገባቸው። ሌላዋ አንቺ ነሽ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ። እስኪያልቅ አዩና ወደኔ ዞሩ።

«የልጄ ስም የታለ?»

ስም ያሳስራል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«የሞተችን ልጅ ከእንግዲህ ማን ያስራታል? ጻፊው።»

አሸነፍን፣ ሌንሴ። ከአዳራሹ ጭብጨባ ሁሉ ይሄ በለጠብኝ። እኔ ዘንድ የቀረውን ቦቲ ልመልስላቸው ባወጣው አንቺው አድርጊው ብለውኝ ሄዱ። ትንሽ ይሰፋኛል፤ ሁለት ካልሲ ደርቤ አድርጌዋለሁ።

ስምሽን ዛሬ ፊልሙ ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ከጎኑ ለኔ ስም የሚበቃ ቦታ ትቻለሁ። ቀኑ ሲመጣ በገዛ እጄ እሞላዋለሁ። እስከዚያ ዝናብ በጣለ ቁጥር በቦቲሽ እወጣለሁ፣ አንቺንም አስታውሳለሁ፤ መቱ ደግሞ ዝናብ እንደማታጣ ታውቂያለሽ።

ስሜን የምታውቂው፣ ያንቺው