ሞስኮ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ላስተማሩን ጓድ

ለተከበሩ የውይይት ክበባችን ኃላፊ ለጓድ ፈንታው
ላሊበላ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ላንድሮቨርዎስ እንደምን ከርማለች? ላስታን ከነገደሉ፣ እኔንም ከነሐዘኔ ላቆየ አምላክ ምስጋና ይግባውና እኔ ደኅና ነኝ። ሂስ ያለው ሰው ጽፎ በክበቡ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ ብለው በፈቀዱልን መሠረት፣ የአራተኛ ክፍል ትምህርቴ እስካደረሰኝ ድረስ ይህንን በአክብሮት ጽፌያለሁ።

፩ኛ/ ያንን የዓለም ካርታ የተሳለበትን ሉል በጣትዎ እያሽከረከሩ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሞስኮ በአየር ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ፣ አውሮፕላን ሳያርፍ ቢበር ስምንት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅበት ስላስተማሩን ከልብ አመሰግናለሁ። ከእኛ ከተማ ወልድያ ሆስፒታል ለመድረስ ስንት እንደሚፈጅ አለማስተማርዎም ትክክል ነው፤ እሱን በትከሻችን እናውቀዋለን።

፪ኛ/ ባለቤቴ ባንችይርጋ ሆዷን ታማ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም ከእጄ በላይ ነው ብሎን፣ ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመዋት የወልድያ መኪና ወደሚገኝበት ወደ ጋሸና ስንወጣ፣ ከኋላችን ደርሰው መኪናዎን ስላቆሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብዙዎች አይቆሙም። በኋላው ወንበር ላይ ያ ሉል ብቻውን ተቀምጦ ነበር። እሱን እኔ ልቀፈው፣ እሷ ትቀመጥ ብዬ ብለምንዎት፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ይሰበራል፣ ጋሸናም ትምህርቱን የሚጠብቅ ሰፊ ሕዝብ አለ ብለው በትሕትና አስረዱኝ። ባንችይርጋ ከቃሬዛው ላይ ሆና፣ ተዉት፣ ዓለሙን ጭኖ ለእኔ የት ቦታ ይተርፈዋል ብላ ሳቀች። እኔም መኪናው እንዲያልፍ ቃሬዛውን ከመንገድ አስወጣሁ፤ ባርኔጣዬንም አነሣሁልዎት። ያን ያነሣሁበትን እጄን እስከ ዛሬ ለምን እያልሁ እጠይቀዋለሁ።

፫ኛ/ በአገራችን ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ፣ ቢቸኩልም፣ ባላጋራም ቢሆን፣ ትከሻውን ሳያውስ አያልፍም። ጨው ጭኖ ከጋሸና ይመጣ የነበረው ነጋዴው አባስ፣ እነማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቅ አህዮቹን ወደ መጣበት መልሶ ከቃሬዛው ሥር ገባ። ነፍሷ የወጣችው በእሱ ትከሻ ላይ ነው፣ ጋሸና ከፊታችን እየታየች። እርስዎ ያን ጊዜ በሉሉ ላይ በጣትዎ ሞስኮ ደርሰው ነበር።

፬ኛ/ አርባዋን ሳላወጣ በስብሰባ አስነሥተው ሞስኮ በስንት ሰዓት ይደረሳል ብለው ሲጠይቁኝ ዝም በማለቴ፣ ኋላ ቀር ብለው ስላስመዘገቡኝ እግዜር ይስጥልኝ። መልሱ አልጠፋኝም ነበር። የጠፋኝ፣ ይህን ያህል ሩቅ የሚያይ ዓይን ከመኪናው መስኮት በታች በቃሬዛ የተኛችውን ሴት እንዴት እንዳላያት ነው።

ነፍስ አባቴ ይቅር በል ይሉኛል። በየጠዋቱ ቤተ ማርያም ደጃፍ ቆሜ ስምዎን አነሣለሁ፤ ይቅርታው ከአፌ ተነሥቶ ልቤ አልደርስ አለኝ። እንግዲህ ይኼ መንገድ ከሞስኮም ሳይርቅ አይቀርም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሉሉም የማይንገጫገጭ መንገድን የሚመኝ፣ በመዝገብዎ ኋላ ቀር የተባለው፣ ከመንገድ ዳር ቆሞ በክብር ያሳለፈዎት፣

ገብረ ሊባኖስ ሞላ
የካቲት ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ቃሬዛው ከቤቴ ደጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አያድርገውና ቢታመሙ፣ ላንድሮቨርዎም በዚያው ቀን እምቢ ብትል፣ ይላኩብን፤ እስከ ጋሸና ተሸክመን እናደርስዎታለን፣ ልማዳችን ነው። ሉሉን ግን ራስዎ ያቅፉት።